ምጥን አስቀድሞ ማስጀመርና የእርግዝና ዕድሜ ስሌት፤ ከቂሊንጦ አንጻር

አጠቃሎ

ይህ አጭር ጽሑፍ ምጥ በራሱ ከመምጣቱ በፊት በሕክምና እንዲጀምር ሲወሰን ምን እንደሚከናወን፣ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድና ውጤቱ በምን ላይ እንደሚመሠረት ያብራራል። የጽሑፉ ዋና ነጥብ «አስቀድሞ» የሚለው ቃል ትርጉም የሚኖረው የእርግዝናው ዕድሜ በአስተማማኝ ሁኔታ ሲታወቅ ብቻ መሆኑ ነው። እናት ክትትሏን በጤና ጣቢያ ጀምራ በሪፈር ወደ ሆስፒታል በምትሄድበት እንደ ቂሊንጦ ባለ የከተማ ዳርቻ፣ የቀኑ ስሌትና የስሌቱ መነሻ ከእናቲቱ ጋር አብረው መጓዝ እንደሚኖርባቸው ጽሑፉ ይከራከራል።

ቁልፍ ቃላት፦ ምጥን ማስጀመር፣ የእርግዝና ዕድሜ፣ የማኅፀን በር፣ ኦክሲቶሲን፣ ሚሶፕሮስቶል፣ ቂሊንጦ

1. መግቢያ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ቂሊንጦ ለመድኃኒት አምራቾች ተብሎ የተገነባ የኢንዱስትሪ ፓርክና የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚገኙበት አካባቢ ነው። እንደ ሌሎቹ የከተማዋ ክፍሎች ሁሉ ነፍሰ ጡር እናት የቅድመ ወሊድ ክትትሏን በጤና ጣቢያ ትጀምራለች፤ ከፍ ያለ ሕክምና ሲያስፈልጋት ሪፈር ተጽፎላት ወደ ሆስፒታል ትሄዳለች። በክፍለ ከተማው የሚገኘው የመንግሥት ሆስፒታል፣ ጥሩነሽ ዲባባ እ.ኤ.አ. በ2008 በቤጂንግ ኦሊምፒክ ካስገኘችው ድል ስሙን የወሰደው የጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ነው።

ምጥን በሕክምና ማስጀመር በዚህ የሪፈር ሰንሰለት ውስጥ የሚወድቅ ተግባር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ ሕክምናው በተቻለ መጠን በቀዶ ሕክምና ማዋለድ በሚችል ተቋም እንዲከናወን፣ የእናቲቱንና የፅንሱን ደኅንነት መከታተል የሚያስችል ዝግጅት እንዲኖር፣ መድኃኒቱ የተሰጣት እናትም ያለ ተቆጣጣሪ ባለሙያ ፈጽሞ እንዳትተው ይመክራል። ስለዚህ ውሳኔውን የሚያደርገው ሐኪም ብዙ ጊዜ እርግዝናውን ከመጀመሪያው የተከታተለው ባለሙያ አይደለም። የሚወስነው በካርድና በሪፈር ወረቀት ላይ በሰፈረው መረጃ ተመርኩዞ ነው።

ሕዝባችን «ወሯ ገብቷል» ሲል የመውለጃ ጊዜዋ መቃረቡን ይገልጻል። ለዕለት ተዕለት ኑሮ ይህ አነጋገር በቂ ነው። ሕክምናው ግን ወሩን ብቻ ሳይሆን ሳምንቱንም ማወቅ ይፈልጋል።

2. የውሳኔው መነሻ ምክንያቶች

ምጥን ማስጀመር የሚመረጠው እርግዝናው ቢቀጥል የሚያስከትለው አደጋ አሁን ከመውለድ አደጋ ሲበልጥ ነው። ከተለመዱት ምክንያቶች መካከል ከእርግዝና ጋር የተያያዘ የደም ግፊት፣ ምጥ ሳይጀምር የሽርት ውኃ መፍሰስ፣ የፅንስ ዕድገት መገታት፣ የእርግዝናው ጊዜ ማለፍና የፅንስ በማኅፀን ውስጥ መሞት ይገኙበታል።

የደም ግፊትን በተመለከተ ጠንካራ ማስረጃ ከሚያቀርቡት ጥናቶች አንዱ «ሂፒታት» የተሰኘውና እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው የኔዘርላንድስ ጥናት ነው። ከ36 እስከ 41 ሳምንት ባለው ጊዜ መጠነኛ የደም ግፊት ችግር የታየባቸው 756 እናቶች በዕጣ ተመድበው ነበር። ምጥ ከተጀመረላቸው መካከል 31 በመቶው፣ በክትትል ከቆዩት መካከል ደግሞ 44 በመቶው ለከፋ የጤና ችግር ተዳርገዋል። ይህን መሰል ውጤት ባለበት ሁኔታ 37 ሳምንት ለሞላት ግፊት ላለባት እናት «ይጠበቅ» ማለት ራሱን የቻለ አደጋ ነው።

በአንጻሩ ምክንያት የማይሆኑም አሉ። ከላይ የተጠቀሰው መመሪያ ሌላ ችግር የሌለበት እርግዝና 41 ሳምንት ሳይሞላ ምጥ እንዲጀመር አይመክርም። ፅንሱ ትልቅ ነው ተብሎ መጠርጠሩም ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም። የእንግዴ ልጁ የማኅፀኑን በር ሲሸፍን ወይም ፅንሱ አግድም ሲተኛ ደግሞ ምጥን ማስጀመር ክልክል ነው፤ ቀደም ሲል በቀዶ ሕክምና ለወለደች እናት ሚሶፕሮስቶል አይሰጥም፤ ጠባሳው ሊቀደድ ይችላልና።

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው የአሜሪካው «አራይቭ» ጥናት ይህን ሚዛን በተወሰነ ደረጃ አንቀሳቅሶታል። ጥናቱ ችግር የሌለባቸውን 6,106 የመጀመሪያ ወላጆች ያካተተ ሲሆን፣ በ39ኛው ሳምንት ምጥ ከተጀመረላቸው 18.6 በመቶው፣ ከተጠበቁት ደግሞ 22.2 በመቶው በቀዶ ሕክምና ወልደዋል። ውጤቱን ወደ አገራችን ለማምጣት የሚሻ ተመራማሪ ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ ልብ ሊል ይገባል፤ የጥናቱ ተሳታፊዎች የእርግዝና ዕድሜያቸው ቀደም ብሎ በተነሣ አልትራሳውንድ የተረጋገጠ ነበር። ይህ ማረጋገጫ በሌለበት «በ39ኛው ሳምንት» የሚለው የጥናቱ መሠረት አብሮ አይመጣም።

3. ቀኑ እንዴት ይቆጠራል?

የእርግዝና ዕድሜ የሚቆጠረው ከመጨረሻው የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን አንሥቶ ሲሆን፣ የሚጠበቀው የመውለጃ ቀን በ280ኛው ቀን ላይ ይውላል። በኢትዮጵያ የቀን አቆጣጠር ወሮቹ ሁሉ 30 ቀን ስለሆኑ ስሌቱ ቀላል ነው፤ 9 ወርና 10 ቀን መደመር ይበቃል። እርግዝናው ጳጉሜን የሚያቋርጥ ከሆነ ግን ጳጉሜን ራሷ 5 ቀን ስለምትይዝ የሚደመረው 9 ወርና 5 ቀን ይሆናል። ጳጉሜን 6 በምትሆንበት ዓመት 9 ወርና 4 ቀን ይደመራል።

ለአብነት የመጨረሻው የወር አበባ መስከረም 17፣ በመስቀል ዕለት ቢጀምር የሚጠበቀው ቀን ሰኔ 27 ነው። ታኅሣሥ 19፣ በገብርኤል ዕለት ቢጀምር ግን እርግዝናው ጳጉሜንን ስለሚያቋርጥ ቀኑ መስከረም 24 ይሆናል። ጳጉሜንን የዘነጋ ባለሙያ መስከረም 29 ብሎ ይጽፋል። የ5 ቀን ስሕተት ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ የአልትራሳውንድ ወረቀት በአውሮፓውያን ቀን ሲጻፍ፣ የክትትል ካርዱ በኢትዮጵያ ቀን ሲሞላና አንዱ ወደ ሌላው ሲገለበጥ ግን ስሕተት በስሕተት ላይ ይደረባል።

ከስሌቱ የሚብሰው ችግር መነሻ ቀኑ ነው። የወር አበባዋ የሚዛባባት፣ ጡት እያጠባች ያረገዘች፣ ወይም በአገራችን በስፋት የሚወሰደውን የሦስት ወር የወሊድ መከላከያ መርፌ በቅርቡ ያቋረጠች እናት የምትነግረው ቀን የእርግዝናውን መነሻ ላያሳይ ይችላል። በእነዚህ ሁኔታዎች የሚደርሰው መሳሳት የቀናት ሳይሆን የሳምንታት ነው።

አልትራሳውንድም ቢሆን የሚያስተማምነው በጊዜው ሲነሣ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተነሣ ምስል የእርግዝናውን ዕድሜ በ5 ወይም በ7 ቀን ልዩነት ውስጥ ያሳያል። ከ28ኛው ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የተነሣ ምስል ግን እስከ 3 ሳምንት ገደማ ወደፊትም ወደኋላም ሊሳሳት ይችላል፤ በዚያ ዕድሜ ፅንሶች በመጠን ይለያያሉና። ስለሆነም በመጨረሻው ወር የተነሣ ምስል «37 ሳምንት» ሲል እውነቱ 34ም 40ም ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ለእያንዳንዷ ነፍሰ ጡር ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ አልትራሳውንድ እንዲነሣ የመከረው የእርግዝናውን ዕድሜ ለመገመት ጭምር ነው።

እዚህ ላይ የአገራችን እውነታ ይገጥመናል። እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት የመጀመሪያ ክትትላቸውን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ያደረጉት እናቶች 20 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2019ኙ አነስተኛ ጥናት ቁጥሩ ወደ 28 በመቶ ከፍ ብሏል። በአዲስ አበባ ከ90 በመቶ በላይ እናቶች በጤና ተቋም የሚወልዱ ቢሆንም፣ በተቋም መውለድና ክትትልን በጊዜ መጀመር የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው።

ይህ ሲባል ግን የእናቲቱ ትውስታ ዋጋ የለውም ማለት አይደለም። «የወር አበባሽ መቼ መጣ?» ተብላ በድፍኑ ስትጠየቅ «አላስታውስም» የምትል እናት በምታውቀው ነገር በኩል ስትጠየቅ ልታስታውስ ትችላለች። ኦርቶዶክሳዊት እናት በየትኛው በዓል ቤተ ክርስቲያን ሳትገባ እንደ ቀረች፣ ሙስሊም እናት ከረመዳን የትኞቹን ቀናት እንዳልጾመችና በኋላ ቀዳ እንዳወጣች በአእምሮዋ ትይዛለች። አዋላጅዋ ይህን ጥያቄ በመጀመሪያው ክትትል ካነሣችና መልሱን ከጻፈችው፣ ከስድስት ወር በኋላ የሚወስነው ሐኪም ከግምት የተሻለ ነገር ያገኛል።

4. ከውሳኔ እስከ ወሊድ

ብዙ እናቶችና ቤተሰቦች ምጥን ማስጀመር ሲባል አንድ «የምጥ መርፌ» ተወግቶ ወዲያው የሚወለድበት አድርገው ይረዱታል። ሂደቱ ግን ደረጃዎች ያሉት ሲሆን በተለይ ለመጀመሪያ ወላጅ ከአንድ ቀን በላይ ሊወስድ ይችላል።

የመጀመሪያው ደረጃ የማኅፀን በር ምርመራ ነው። ኤድዋርድ ቢሾፕ የተባለው አሜሪካዊ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1964 ያስተዋወቀው ነጥብ አምስት ነገሮችን ይለካል፤ እነርሱም የማኅፀን በሩ መከፈት፣ መሳሳት፣ መለስለስና አቅጣጫ፣ እንዲሁም የፅንሱ ጭንቅላት ወደ ታች የወረደበት ደረጃ ናቸው። አጠቃላዩ ነጥብ ከ0 እስከ 13 ነው። ከ6 በታች ከሆነ በሩ «አልበሰለም» ይባላል፤ ከ8 በላይ ሲሆን በማኅፀን በኩል የመውለድ ዕድሏ በራሱ ጊዜ ምጥ ከመጣላት እናት ጋር ይቀራረባል። እርግዝናው ወደ መጨረሻው ካልደረሰ በሩ ያልበሰለ መሆኑ የሚጠበቅ ነው። አስቀድሞ የሚጀመር ምጥ የሚረዝመውም በዋነኛነት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ ያልበሰለውን በር ማብሰል ነው። ለዚህ ሁለት መንገዶች በስፋት ይሠራባቸዋል። አንደኛው ፎሊ ካቴተርን በማኅፀን በር አሳልፎ ፊኛውን በውኃ መሙላት ነው፤ ፊኛው በሩን በመግፋት ይከፍተዋል። ሁለተኛው ሚሶፕሮስቶል ነው። መመሪያው የሚፈቅደው መጠን በአፍ በየ2 ሰዓቱ ወይም በብልት በየ6 ሰዓቱ 25 ማይክሮግራም ሲሆን፣ በገበያ የተለመደው ክኒን ግን 200 ማይክሮግራም፣ ማለትም የሚያስፈልገው መጠን ስምንት እጥፍ ነው። ክኒኑን በምላጭ ስምንት ቦታ መቁረጥ እኩል መጠን አይሰጥም። ይልቁንም አንዱን ክኒን በ200 ሚሊ ሊትር ውኃ በማሟሟት 25 ሚሊ ሊትር መስጠት ትክክለኛውን መጠን ያስገኛል፤ ውሁዱ ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመውና በሕንድ የደም ግፊት ባለባቸው 602 እናቶች ላይ የተካሄደው «ኢንፎርም» ጥናት እንዳሳየው፣ በአፍ ሚሶፕሮስቶል ከወሰዱት 57 በመቶው፣ ፊኛ ከገባላቸው ደግሞ 47 በመቶው በ24 ሰዓት ውስጥ በማኅፀን ወልደዋል። በተሻለው መንገድ እንኳ ከአሥር አራቱ ያህል በአንድ ቀን ውስጥ በማኅፀን አልወለዱም። ለእናቲቱና ከውጭ ለሚጠብቀው ቤተሰብ ይህ አስቀድሞ ሊነገር ይገባል።

ሦስተኛው ደረጃ ኦክሲቶሲን ነው። መድኃኒቱ ከግሉኮስ ወይም ከጨው ውኃ ጋር ተደባልቆ በደም ሥር በትንሽ መጠን ይጀመርና ማኅፀኑ በ10 ደቂቃ ውስጥ 3 ጊዜ ያህል በበቂ ኃይል እስኪኮማተር ድረስ በየተወሰነ ደቂቃ ከፍ ይደረጋል። የሽርት ከረጢቱም አመቺ ሲሆን ይቀደዳል። ኦክሲቶሲን በደም ውስጥ የሚቆየው ለደቂቃዎች ብቻ ስለሆነ ችግር ሲፈጠር ማቆም ይቻላል፤ የተዋጠ ሚሶፕሮስቶል ግን አይመለስም። ስለዚህ ሁለቱን በአንድነት መስጠት አደገኛ ነው፤ በመካከላቸውም የሰዓታት ልዩነት መኖር አለበት።

አራተኛው ደረጃ፣ ከሁሉም ጋር አብሮ የሚሄደው፣ ክትትል ነው። ማኅፀኑ በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ5 ጊዜ በላይ ከተኮማተረ ፅንሱ በቂ ኦክስጅን ላያገኝ ይችላል። የፅንሱ የልብ ምት ቢያንስ በየ15 እስከ 30 ደቂቃ፣ በመግፋት ጊዜ ደግሞ በየ5 ደቂቃ ይደመጣል፤ ጤናማው ምት በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ነው። የመድኃኒቱን ፍሰት የሚቆጣጠር መሣሪያ በሌለበት ክፍል ጠብታዎቹን በዓይን የምትቆጥረው አዋላጅ ናት። አንዲት አዋላጅ ስንት እናቶችን በአንድ ጊዜ እንደምትከታተል ማወቅ የመድኃኒቱን መጠን ከማወቅ የማይተናነስ የጥናት ጥያቄ ነው።

ሕመሙን በተመለከተ በራሱ የሚመጣ ምጥ ቀስ በቀስ ሲጠነክር በመድኃኒት የተጀመረው ፈጥኖ ሊበረታ ይችላል። በወገብ የሚሰጥ ማደንዘዣ በመንግሥት ሆስፒታሎቻችን በስፋት ስለማይገኝ፣ የምትመርጠው ሰው አጠገቧ እንዲሆን መፍቀድ፣ እንድትንቀሳቀስ ማበረታታትና በየደረጃው የሚሆነውን መንገር ከሕክምናው ክፍል ሊቆጠሩ ይገባል።

5. «አልተሳካም» የሚባለው መቼ ነው?

ምጡ ተጀምሮ ሳይገፋ ሲቀር እናቲቱ በቀዶ ሕክምና ልትወልድ ትችላለች። ነገር ግን አለመሳካት የሚለካበት መስፈርት ከቦታ ቦታ ይለያያል። የአሜሪካ የጽንስና ማኅፀን ሐኪሞች ማኅበራት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት መግለጫ የሽርት ውኃ ከፈሰሰ በኋላ ኦክሲቶሲን ቢያንስ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ሳይሰጥ «አልተሳካም» እንዳይባል መክረዋል። በአገራችን በታተሙ አንዳንድ ጥናቶች ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ኦክሲቶሲን ተሰጥቶ በቂ መኮማተር አለመገኘቱ መስፈርት ሆኖ ይታያል። ሁለቱን መስፈርቶች የተጠቀሙ ጥናቶች የሚያወጡትን መቶኛ ጎን ለጎን ማነጻጸር አሳሳች ነው። በአጭሩ ሰዓት የተቋረጠ ምጥ ቢጠበቅ ሊሳካ ይችል ነበርና።

ሌላም ጥያቄ አለ። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ያለበት፣ በሙቀት ኃይሉን የሚያጣ መድኃኒት ነው። ከአምራቹ እስከ ማዋለጃ ክፍሉ ማቀዝቀዣ ድረስ ያለው ሰንሰለት በአንድ ቦታ ከተቋረጠ መጠኑ እየጨመረ ማኅፀኑ ዝም ይላል፤ መዝገቡም «አልተሳካም» ይላል። ያልሠራው ማኅፀኑ ነው ወይስ መድኃኒቱ? ያው መድኃኒት ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም ለመግታት የሚሰጥ በመሆኑ፣ ለረጅም ጊዜ ኦክሲቶሲን የተሰጠው ማኅፀንም ከወሊድ በኋላ ሊዝል ስለሚችል ጥያቄው ሕይወት ነክ ነው። የመድኃኒት ፋብሪካዎች ጎረቤት በሆነው በቂሊንጦ የሚሠሩ የፋርማሲ፣ የኬሚካል ምህንድስናና የጤና ተመራማሪዎች በአንድነት ሊይዙት የሚችሉት ርእስም ነው።

6. ሕፃኑ

የአሜሪካ የጽንስ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣውን ምደባ ተከትለው ከ37 እስከ 38 ሳምንት ከ6 ቀን ያለውን «የጊዜው መባቻ»፣ ከ39 እስከ 40 ሳምንት ከ6 ቀን ያለውን «ሙሉ ጊዜ» በሚል ለይተዋል። በመባቻው የሚወለዱ ሕፃናት ከሙሉ ጊዜዎቹ ይልቅ የመተንፈስ ችግር፣ ጡት ለመጥባት መድከም፣ የሰውነት ሙቀት መቀነስና የዓይን ቢጫ መሆን ያጋጥማቸዋል። አብዛኞቹ በጥቂት ቀናት ክትትል ይሻላቸዋል። ቀኑ በ3 ሳምንት ከተሳሳተ ግን ሐኪሙ 37 ሳምንት ብሎ የጠበቀው ሕፃን የ34 ሳምንት ሆኖ ይወለዳል፤ ለመተንፈሻ እገዛ ሳይዘጋጁ የተቀበሉት ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ይሆናል። ስሕተቱ በተቃራኒው አቅጣጫ ከሆነ ደግሞ ግፊት ያለባት እናት «ገና ነው» እየተባለች ትቆያለች። የቀኑ ጥያቄ ሁለት ነፍስ የሚነካ መሆኑ ከዚህ ይታያል።

7. ማጠቃለያ

ምክንያቱ በቂ ከሆነ ምጥን አስቀድሞ ማስጀመር እናትንም ሕፃንንም የሚያድን ሕክምና ነው። ሆኖም ውጤቱ መድኃኒቱ ከመንጠባጠቡ በፊት በአመዛኙ በሦስት ነገሮች ይወሰናል፤ በቀኑ እርግጠኝነት፣ በማኅፀን በሩ ዝግጁነትና በተከታታዩ ባለሙያ መኖር። ከሦስቱ የመጀመሪያው የሚሠራው በሆስፒታል ሳይሆን ከወራት በፊት በጤና ጣቢያ ነው።

ስለዚህ ሪፈር ወረቀቱ የሚጠበቀውን የመውለጃ ቀን ብቻ ሳይሆን ቀኑ የተገኘበትን መንገድም ቢይዝ መልካም ነው። ከወር አበባ ነው ወይስ ከአልትራሳውንድ? አልትራሳውንዱ በስንተኛው ሳምንት ተነሣ? እናቲቱ ቀኑን በምን አስታወሰችው? ጳጉሜን ተቆጥራለች? እነዚህ አራት ጥያቄዎች አዲስ መሣሪያም ተጨማሪ በጀትም አይጠይቁም። በአቃቂ ቃሊቲ ጤና ጣቢያዎች የሚጻፉ የሪፈር ወረቀቶች ለእነዚህ ጥያቄዎች ምን ያህል እንደሚመልሱ፣ መልሱ የተጻፈላቸውና ያልተጻፈላቸው እናቶች ሕፃናትስ በምን እንደሚለያዩ መመርመር አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪ በአንድ የጥናት ወቅት ሊያጠናቅቀው የሚችል፣ መልሱም ወደ ማዋለጃ ክፍሉ በቀጥታ የሚመለስ ሥራ ነው።